ዳማከሴ ፎቅ ላይ ይበቅላል? የጓሮ ቅጠሎቻችንን ይዘን እንውጣ

ልደታ ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ እኛም ወጣን፣ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ተከራይተን እንኖራለን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ስንዝር አፈር የለውም። የድሮው ግቢያችን ብዙ አባወራ የሚኖርበት ጠባብ ግቢ ነበር። ቢሆንም አጥሩ ስር ዳማከሴ፣ በሩ ላይ ጤና አዳም በወተት ጣሳ፣ ቧንቧው አጠገብ ጠጅ ሳር ነበረን። ምች የመታው ሰው በሌሊትም ቢሆን እኛን ነበር የሚያንኳኳው። ቡና ሲፈላ "ጤና አዳም ቀንጥሱልኝ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ማንም አይከፍልም፣ ማንም አይከለከልም።

አሁን ለአንድ እፍኝ ዳማከሴ ገበያ መውጣት አለብኝ። ቅጠሉ ሲቀር ደግሞ እውቀቱም አብሮ እየቀረ ነው። ልጆቼ ዳማከሴን ከበሶብላ አይለዩም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በረንዳ ላይ የሚበቅለው የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ የምታውቁትን እዚሁ ጻፉልኝ። "ትንሽ ቆንጠር አድርገሽ" ብቻ አትበሉኝ፤ የቱ ቅጠል፣ ለምን፣ እንዴት፣ ለማን እንደማይሰጥም ጭምር ንገሩኝ። እናቴ እያረጀች ነው። ከእሷ የሰማሁትን ከእናንተ ከምሰማው ጋር አስተያይቼ ደብተር ላይ ላሰፍረው ነው።

የጎላው፦
እህቴ፣ ዳማከሴ ፎቅ ላይ በደንብ ይበቅላል። እኔ ጎላ ሚካኤል አካባቢ በረንዳ ላይ አለኝ። ቅርንጫፍ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፊ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ሥር እስኪሰድ ጥላ ላይ አቆዪው። ቁጥቋጦ ስለሆነ ጣሳ አይበቃውም። ትልቁን የቀለም ባልዲ ታቹን በስተሽ ተጠቀሚ። ጤና አዳም ጠባዩ ሌላ ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ የተኛ ውሃ ይገድለዋል። አፈሩ ላይ አሸዋ ጨምሪበት፣ ሳይደርቅ አታጠጪው። ብዙ ሰው "ጤና አዳሜ ሞተብኝ" የሚለው ውሃ እያበዛበት ነው።

ጠጅ ሳር ከነሥሩ ገንጥለሽ ብትተክዪው ይበቃል። በሶብላ በዘር ነው፣ አበባውን ቶሎ ቶሎ ስትቀነጥሺለት ቅጠል ያበዛል። ጦስኝ ብርድ ለምዶ ያደገ የደጋ ቅጠል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይስማማዋል፤ ግን እሱም እንደ ጤና አዳም ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው የሚፈልገው።

ልደታ ፎቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልዲ አለኝ። የዳማከሴ ቅርንጫፍ ነው የቸገረኝ።

የጉራጌ እናት፦
ልጄ፣ ኮሰረት ረሳችሁ እኮ! አገራችን ከቤቱ ጓሮ እንሰትና ኮሰረት አይጠፋም። ኮሰረት የሌለው ቅቤ ለክትፎ አይሆንም፣ እኔ አልቀበለውም። ዛሬ በየቦታው "ክትፎ" ተብሎ የሚቀርበው ላይ ሚጥሚጣው ብቻ ነው አፍ የሚያቃጥለው፣ የኮሰረቱ ሽታ የለም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ኮሰረቱ በጥላ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ሽታው ይሄዳል። ቅቤውን በዝግታ እሳት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። አረፋው ሲወጣ ትገፉታላችሁ። ከዚያ የደረቀውን ኮሰረት ከነእንጨቱ፣ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ የሚፈልግ ሰው ነጭ ሽንኩርትና በጣም ጥቂት እርድ ይጨምርበታል። ለክትፎ ግን እኔ ኮሰረትና ኮረሪማ ብቻ ነው የማውቀው። እሳቱ እንዳይበዛ፣ ቅመሙ ካረረ ቅቤው ይመራል። ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ታች ሲታይ ይወርዳል፣ ትንሽ ይረጋና ይጠለላል። እንዲህ የተነጠረ ቅቤ ቶሎ አይሻግትም። ያለ ኮሰረት የተነጠረው ግን ቀድሞ ሽታው ይለወጣል።

ጤና አዳም ለእኛ መጀመሪያ የቡና ነው፣ ቀጥሎ የአይብ። ቡናው ስኒ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ቀንበጥ ነከር አድርጋችሁ ማውጣት ነው እንጂ ጀበናው ውስጥ አታፍሉትም፣ ይመራል። ፍሬውን አድርቃችሁ ለበርበሬ ታስቀምጡታላችሁ።

ዶክመንት እፈልጋለሁ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ምግቡን ሁሉ እወዳለሁ፤ ግን "ምች" የሚባል በሽታ እኮ የለም። በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አታገኙትም። በሌለ በሽታ ቅጠል እየጨመቅን የታመመ ሰው ቤት እናስተኛለን። የአጎቴ ልጅ "ምች ነው" ተብሎ ቤት ሲቆይ ተስቦ ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓቱ ቢታከም ያን ያህል አይሰቃይም ነበር። እዚህ ላይ በጣም ነው የማዝነው።

ፋርማሲ ቤት፦
ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል፤ እኔም ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። ግን "የለም" ብለህ አትዝጋው። እናቶቻችን ምች የሚሉት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል። ይሄ የከንፈሩ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ሰውነት ሲደክም፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ ኃይለኛ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይነሳል። "በልተህ ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል" ሲሉ ፀሐዩን በትክክል አይተውታል። የመታጠቡ ነገር እውነት ባይሆን እንኳ ፀሐይዋ እውነት ናት።

ዳማከሴም ባዶ አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ በአይጥ ተሞክሮ ትኩሳትና ሕመም የመቀነስ ጠባይ ታይቶበታል። ይህ ማለት ግን ለሰው ልክ መጠኑ ታውቋል ማለት አይደለም፣ የትኩሳቱን መነሻም አያክምም። ተስቦ፣ ታይፎይድ፣ ግርሻ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ወባ፣ ሁሉም የሚጀምሩት "ምች መታኝ" በሚያሰኝ ትኩሳት ነው። ስለዚህ የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ዳማከሴውን አሽትቱ፣ በቡና ጠጡት፣ ግን ትኩሳቱ በማግሥቱ ካልበረደ ቅጠል ላይ አትቆዩ። ሕፃን ከሆነ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ካስመለሰው፣ መጥባት እምቢ ካለ ደግሞ ማግሥቱን እንኳ አትጠብቁ።

ጥንቃቄ የሚሹትን እዚሁ ልጻፋቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ። ማሕፀን ያኮማትራል፣ በብዛት ከተወሰደ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። የቡና ስኒ ውስጥ ነክሮ ማውጣትና ጨምቆ መጠጣት አንድ አይደሉም፣ ግን በእርግዝና ጊዜ እኔ ሁለቱንም አልመክርም። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላል፤ ለሕፃን አካል አትቀቡት። አብሽ የደም ስኳር ዝቅ ያደርጋል፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ በየቀኑ ከጠጣ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ከቅጠል ጋር ማር እያላችሁ የምትሰጡ ደግሞ፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ማር ውስጥ ያለ የባክቴሪያ ዘር የሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል።

ዶክመንት እፈልጋለሁ፦
የፀሐዩን ነገር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ካልበረደ ሐኪም ቤት የሚለውን ሁሉም ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል።

ገዳም ሰፈር፦
ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ስለ ኮሶ ማንም አላነሳም፣ የዛሬ ልጅ ክኒን ስለሚውጥ ይሆናል። በእኛ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ ኮሶ ይጠጣ ነበር፣ በየሁለት ወሩ ገደማ። የሴቷ ዛፍ ቀይ አበባ ነው የሚመረጠው። ደርቆ ይወቀጣል፣ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ሆድ ባዶ ሳለ ተጠልሎ ይጠጣል። ትሉ እስኪወጣ እህል አይቀመስም። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። "ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል" ከተባለ በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም አይቀየምም። ሠራተኛም ኮሶ ልጠጣ ብሎ ፈቃድ ከጠየቀ አይከለከልም ነበር።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር መጥቶ ስለ ኮሶ ጽፏል። በኋላም ፈረንጆቹ ወስደው በፋርማሲያቸው ሸጠውታል። የእኛ አገር ቅጠል ለዓለም ተርፎ ነበር ለማለት ነው።

ምሬቱን ግን አትጠይቁኝ።

ፋርማሲ ቤት፦
ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ እስከ መታወር የደረሰ ጉዳት ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡርም ክልክል ነው። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ የትል ክኒኖች አሉ፤ ኮሶ ትል ይዞኛል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ሰገራ አስመርምሮ እነሱን ይውሰድ። ኮሶውን ለታሪኩና ለዛፉ እንያዘው።

አራት ኪሎ ሳይንስ፦
የኮሶ ዛፍ ራሱ እየተመናመነ ነው። እንጨቱ ጠንካራና ቀይ ስለሆነ ለዕቃ ይቆረጣል። ማየት የሚፈልግ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ፣ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ አገር በቀል ዛፎችን ለይተው ያለሙበት ቦታ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ዕፅዋት ደርቀውና ተጭነው፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ከፍታ እንደተገኙ ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። አንድ ቅጠል በአማርኛ አንድ ስም፣ በሌላ ሰፈር ሌላ ስም ይኖረዋል። ሁለት የተለያዩ ቅጠሎችም በአንድ ስም ይጠራሉ። መድኃኒት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ደብተርሽ ላይ ስሙን ብቻ አትጻፊ፤ ቅጠሉን ራሱ አድርቀሽ አጠገቡ ለጥፊው። ከአበባው ጋር ቢሆን የበለጠ ነው።

ስለ እንዶድም ልናገር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለመግደል እንጠቀምበታለን ብሎ በስሙ የፈጠራ መብት ሲያወጣ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ለስንት ዘመን እንዶድ ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች የት ናቸው? እኛ ዛሬ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 482/1998። ግን አዋጁ የሚጠብቀው የታወቀ ነገር ሲኖር ነው። ሳይጻፍ፣ ሳይነገር ከአንድ ሽማግሌ ጋር የተቀበረውን ማን ይጠብቀዋል?

ቡልጋ፦
እዚህ ላይ ልናገር። አያቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ደብተራም ናቸው። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ይጠይቃቸው ነበር። "ይጻፍ፣ ይነገር" ማለት ቀላል ነው፤ ግን መድኃኒት የሚሰወርበት ምክንያት አለው። መድኃኒት ያለ ቦታው ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። ለሁሉም ልጅ አይነገርም፣ ልቡ ለረጋው ለአንዱ ነው የሚነገረው። ሲቆረጥም ጎህ ሳይቀድ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚመረጡለት አለ፣ ጳጉሜን ካልሆነ የማይነካም አለ። በአንድ እጅ የሚነቀል አለ፣ ብረት የማይነካው አለ።

ይህን እንደ ተረት አትዩት። አያቴ ከሚያውቁት ቅጠል ግማሹ መርዝ ነው። ሰንሰል አለ፣ አዞ ሐረግ አለ። አዞ ሐረግን የነካው ቆዳ ያብጣል፣ ይላጣል። ይህን ለማንም አደባባይ ላይ "ይሄን ለዚህ" ብለው ቢናገሩ አንዱ አንብቦ ልጁን ይገድላል። ምሥጢሩ አጥር ነው። መጠኑን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ለክቶ፣ ዓመታት ከተማረ ሰው በቀር እንዳይገባ የተሠራ አጥር።

አራት ኪሎ ሳይንስ፦
ወንድም ቡልጋ፣ አጥሩ እንደሚያስፈልግ ተረድቻለሁ፣ እውነትህን ነው። ግን አያትህ ያን ሁሉ ለማን ነገሩት?

ቡልጋ፦
ለአጎቴ። አጎቴ ሳይናገር ሞተ። ከቤተሰባችን አሁን የሚያውቅ የለም።

ልደታ ፎቅ፦
ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ የምጠይቀው የአያትህን መርዝ አይደለም። እሱ አዋቂ ጋ ይቅር። እኔ የምለው የእናቶቻችንን ነው፣ የጓሮውንና የማድ ቤቱን። ዳማከሴ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። የሰፈሩ ሁሉ ነበር። እሱ ይጻፍ።

ቡልጋ፦
በዚህ እስማማለሁ። እናቴ የምታውቀውን እኔም እጽፋለሁ። ፌጦን ከሎሚ ጋር ለሆድ መነፋት፣ ተልባን ዘፍዝፋ ለጨጓራ ትሰጠን ነበር። በጾም ደግሞ ፌጦ ፍትፍት አይጠፋም ነበር። ልጅ ሲወለድ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ አንገቱ ላይ ታስርለታለች፣ ዓይን እንዳያገኘው።

ወሎዬዋ፦
በእኛ ቤት ሽታ ራሱ መድኃኒት ነው። አሪቲ ከቄጤማው ጋር ካልተነሰነሰ በዓል አይመስለኝም። ቅቤ ለራስ ሲቀባ አደስ ካልገባበት ደስ አይልም። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ለጠላው ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ ታጥቦ ደርቆ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ሽታ ብቻ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ግራዋው ጋኑ ላይ የቀረውን ቅሪት ፈግፍጎ ያወጣል፣ ጭሱ ደግሞ ጠላው ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያደርጋል። ጥንጁት ቤት ውስጥ ሲጨስ ደግሞ ትንኝም አይቆምም። ጌሾውንም እንዳትሳሳቱ፣ ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ማጠን ተቸግሬያለሁ። የጎረቤት ቤት ጭስ ይገባል፣ ሰውም ይቆጣል፣ ልክም ነው። አሁን ዕቃዬን ይዤ ታች ግቢው ውስጥ ወርጄ ነው የማጥነው። መጀመሪያ ሁሉም ያፈጥብኝ ነበር፣ አሁን ግን "ለእኔም አጥኚልኝ" ብለው የወተት ጮጯቸውን ይዘው የሚወርዱ ጎረቤቶች አሉኝ።

ገዳም ሰፈር፦
ስለ ማጠን ካነሳሽ፣ ኅዳር 12 በየዓመቱ ቆሻሻ የምናቃጥለው ለምን እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው። በ1911 ዓ.ም. ያ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ቀባሪ ጠፋ። ራስ ተፈሪም ራሳቸው ታመው ነበር። ያን ጊዜ ሰው ያለው ቅጠልና ጭስ ነበር፣ ባሕር ዛፍ ይታጠን፣ ነጭ ሽንኩርት ይበላ ነበር። የኅዳሩ ጭስ ከዚያ የቀረ ነው።

በኮሮና ጊዜም ያው ሆነ። መጋቢት 2012 ላይ ከተማው ሁሉ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፍለጋ ወጣ። ሰው ሲጨንቀው የሚሄደው እናቱ ወደነገረችው ነው።

ቅመም ተራ፦
መርካቶ ቅመም እንሸጣለን፣ ከአባቴ ጋር። በኮሮናው ጊዜ የነበረውን ግርግር አልረሳውም። ስለ ገበያው ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ።

ኮረሪማ ስትገዙ ከነልጣጩ ግዙ። የተፈለፈለው ሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ ሌላ ነገርም ይቀላቀልበታል። ልጣጩን ስትሰብሩት ፍሬው የሚያጣብቅና ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ አዲስ ነው። ጥቁር አዝሙድን መዳፋችሁ ላይ አሹት፤ ጥሩው ቅባት ይተዋል። ተፈጭቶ የተቀመጠ እርድ በዓይን ስለማይታወቅ ያልተፈጨውን ሥሩን ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩት። ጦስኝ ግንዱ የበዛ፣ ቅጠሉ ያነሰ ከሆነ አትግዙ፣ የምትከፍሉት ለእንጨት ነው። የደብረ ሲናና የመንዝ ጦስኝ ይመጣልናል፣ ትንንሽ ቅጠል ያለው፣ ገና ሳይነካ የሚሸት። ከሻይ ጋር አብራችሁ አታፍሉት። ሻዩ ከወረደ በኋላ ጨምራችሁ ክደኑት፣ አለዚያ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ያልቃል።

የሚያሳስበኝ ቀበርቾ ነው። ለጭስ፣ ለሳል፣ ለቡዳ፣ ለአራስ ቤት ሁሉም ይፈልገዋል። የሚሸጠው ግን ሥሩ ነው። ሥሩ ሲነቀል ተክሉ አለቀ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ውጪም አይገኝም። ድሮ የሚመጣልን ሥር ወፍራም ነበር፣ አሁን የጣት ያህል ነው። ልጅ ሳለ እየነቀሉት ነው ማለት ነው። ወገርትም እንዲሁ። ቤቴ የምሸጠው ዕቃ ቢሆንም እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ ትንሽ ግዙ፣ አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ይታጠናል። በየሳምንቱ በኪሎ የሚገዙ ሰዎች አሉ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የሚያባዛው ገበሬ ቢኖር እኔ መጀመሪያ እገዛው ነበር።

አራት ኪሎ ሳይንስ፦
እንዲህ ብሎ የሚናገር ነጋዴ ስላየሁ ደስ ብሎኛል። ቅጠሉ የሚቀጠፍ ተክል ይተካል። ሥሩና ልጣጩ የሚወሰደው ነው የሚያልቀው። ደብተርሽ ላይ ይሄንንም ጻፊው፣ ከተክሉ የሚወሰደው የቱ ክፍል እንደሆነ።

ልደታ ፎቅ፦
እጽፈዋለሁ። ትላንት ማታ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ የጻፋችሁትን አነበብኩላት። የቅቤውን ነገር ስትሰማ "እሷ ሴት ታውቃለች" አለች። ስለ ጤና አዳምና ነፍሰ ጡር ስጠይቃት እሷም ለእርጉዝ እንደማይሰጥ ታውቅ ነበር፣ ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ አልተናገረችም። ስንት እንዲህ ያለ ነገር አለ ማለት ነው?

ዳማከሴን ደግሞ እንዲህ ነው ያለችው። ለጋውን ቅጠል ታጥበሽ በመዳፍሽ አሽተሽ ትጨምቂዋለሽ። ጥቂት ጠብታ ቡና ውስጥ ለአዋቂ። የተረፈውን ዝቃጭ ግንባርና ጀርባ ላይ ማሸት፣ ከዚያ ተሸፋፍኖ መተኛት። ለሕፃን መሽተቱ ብቻ ይበቃል፣ አይጠጣም።

የጉራጌ እናት፦
እናትሽን ሰላም በይልኝ። ኮሰረት እኔ አመጣልሻለሁ፣ ቅርንጫፉ ይይዛል።

የጎላው፦
ዳማከሴውን እኔ አመጣለሁ፣ ሥር የሰደዱ ችግኞች አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልደታ ኮንዶሚኒየም ታች ብንገናኝ ለሁላችሁም ይመቻል? ሁላችሁም ለመትከል የሚሆን ያላችሁን ቁራጭ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ኑ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ።

ወሎዬዋ፦
እመጣለሁ። አሪቲና አደስ ይዤ እመጣለሁ። አደስ ግን ሲያድግ ዝግ ያለ ነው፣ ትዕግሥት ያለው ይውሰደው።

ቅመም ተራ፦
እኔ የበሶብላና የጥቁር አዝሙድ ዘር አመጣለሁ፣ በነፃ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ግን ከ10 ሰዓት በፊት አልደርስም።

ቡልጋ፦
እኔ የማመጣው ቅጠል የለኝም። እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ደረጃ መውጣት ስለማትችል ታች መቀመጫ ብታዘጋጁላት።

ልደታ ፎቅ፦
ወንበር አወርዳለሁ፣ ቡናም እናፈላለን። ፋርማሲ ቤት፣ አንተም ብትመጣ ጥሩ ነው፣ የማይሰጠውን የምትጽፍልን አንተ ነህ። 10 ሰዓት እንበል።